ጨው ያጣ የጨው ቤት

ይሄ ሆኗል።

አላምንም የሚል አይመን፤ አልቀየምም። እኔ ግን ከሰማሁት ቀን ጀምሮ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ብቻዬን ቤት ውስጥ ውሃ አልቀዳም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ መንግሥታቸው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው፣ 1965 ዓ.ም። ወሩ ግንቦት። ቦታው መርካቶ፣ ጨው በረንዳ።

ሰዓቱ... ቀትር። ከቀኑ ስድስት ሰዓት።

ክፉ ነገር በሌሊት ብቻ ነው የሚመጣው ያላችሁ ማነው? የድሮ ሰዎች ከሌሊቱ ይልቅ ቀትሩን ይፈሩ የነበረው ያለ ነገር አልነበረም። ሌሊትማ ሰው በሩን ዘግቶ፣ አማትቦ ይተኛል።

በቀትር ግን በሩ ክፍት ነው...

ቦሰና የምትባል ሴት ነበረች። የመንዝ ሰው ናት፤ ቁመቷ ዘለግ ያለ፣ ነገር የማታበዛ። ባሏ ሞቷል፣ ልጅ አልወለደችም። በዚህ ዓለም ላይ የነበረቻት አንዲት ታናሽ እህት ነበረች፤ ሠርኬ። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገቻት እሷው ናት።

ሠርኬ የጨው ነጋዴው የአስናቀው ሚስት ነበረች።

ቤታቸው ከፊት ሱቅ ነው። ከሱቁ ኋላ ጨው በጆንያ የሚከመርበት መጋዘን አለ። ከመጋዘኑ ኋላ ደግሞ መኖሪያው። ከጓዳ ወደ ሱቅ ለመሄድ በጨው መሃል ማለፍ ግድ ነበር።

ሠርኬን ነገር የጀመራት መስቀል ግድም ነው። ግድግዳው ያናግረኛል አለች። ቆይታ ደግሞ ከጆንያዎቹ መሃል ስሜን ይጠሩኛል እያለች ትደነግጥ ጀመር። አስናቀው ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሙ ነጫጭ ክኒን ሰጣት፤ ድምፆቹን ዝም ያሰኛል ተባለ።

እውነትም ዝም አሉ። እንቅልፍ ወሰዳት፣ እህል በላች። እጇ ግን ይንቀጠቀጣል። አፏም ይደርቅባታል።

ቦሰና ልታስታምም ከመንዝ ስትመጣ ያየችው ይህንን ነው። እህቴን አፍዝዘው አስቀመጧት አለች። የሷ መድኃኒት ጠበል ነው ብላም ቆረጠች።

በሰፈሩ ደግሞ ጠበልና ክኒን አንድ ሆድ ውስጥ አይስማሙም ይባላል። ስለዚህ አስናቀውን ክኒኑን ተው አለችው። እሺ አላት። ጭቅጭቅ የማይወድ ሰው ነው... ግን አልተወም። ማታ ከሱቅ ሲመለስ ለሚስቱ በሚያፈላላት ሻይ ውስጥ ክኒኑን እየፈጨ መጨመሩን ቀጠለ። ለቦሰና አልነገራትም።

ቦሰናም የደበቀችው ነበራት።

አጥማቂው ቄስ፣ "ጥርኝ ይበቃታል ልጄ፤ እምነት በገንቦ አይለካም" ብለዋት ነበር። እሷ ግን ፍቅሯን በገንቦ ለካችው። አስናቀው ሱቅ ሲገባ ገንቦዋን አውርዳ ጣሳ ሞልታ ታጠጣታለች። ሠርኬ ስታስመልስ፣ እሰይ፣ ሊለቅሽ ነው ትላትና እንደገና ትሞላለች። ጊዜው ሁዳዴ ነው። ለሱባዔው ብላ ጥሬ ሽምብራ ብቻ ትሰጣታለች፤ ጨው የነካው ነገር አታስቀምሳትም።

ሠርኬም እንቢ አላለችም። አፏ እየደረቀ ራሷ ትለምን ነበር።

"ጨምሪልኝ እትዬ..."

በሆሳዕና ዋዜማ ራሴን፣ ራሴን አለች። አስመለሳት። ያሳደገቻትን የእህቷን ስም ረሳችው። ቀትር ላይ ጨው መጋዘኑ መሃል ወደቀችና ተንፈራገጠች። አስናቀው አቅፎ በታክሲ ሆስፒታል ወሰዳት። ቦሰና ቤት ቀርታ ተንበርክካ ጸለየች።

አስናቀው ብቻውን ተመለሰ።

ቀብሩ አለፈ። ፋሲካም አለፈ።

ቦሰና አላለቀሰችም። አርባዋ እስኪወጣ ቤቱን ልያዝ ብላ ተቀመጠች። ለቀስተኛው ሁሉ እህት ማለት እንዲህ ነው እያለ አመሰገናት።

አንድ ቀን የአስናቀውን ኮት ልታጥብ ስታነሳው ከኪሱ ትንሽ የቆርቆሮ ሣጥን ወደቀ። ከፈተችው። ነጫጭ ክኒን ነው። ከክኒኖቹ ጋር አንዲት የሻይ ማንኪያ አለች፤ ጉድጓዷ ውስጥ ነጭ ዱቄት ደርቆባታል።

ቦሰና ማንኪያዋን በምላሷ ጫፍ ነካቻት።

መራራ ናት።

ሁሉም ነገር በዚያች ደቂቃ ገባት... ወይም የገባት መሰላት። የማታ ማታው ሻይ። የእህቷ መንቀጥቀጥ። እሺ ያላት ሰውዬ።

"እየሸሸገ አጠጣት" አለች ለራሷ፣ ድምፅ ሳታወጣ። "ገደላት።"

ፖሊስ ጋ አልሄደችም። ሽማግሌም አልሰበሰበች። ቆርቆሮውን ጓዳ ደበቀችው። አስናቀው ኮቱን ሲለብስ ኪሱን ዳሰሰ... ዝም አለ። እሷም ዝም አለች።

ያሰበችው ቀላል ነበር። በሰጣት ነገር ይሂድ። በሄደችበት መንገድ፣ የሆነችውን ሁሉ ሆኖ፣ የረሳችውን ሁሉ ረስቶ ይሂድ። አርባዋ ሳይወጣ።

ቂም ተይዞ ጸሎት፣ ሳል ተይዞ ስርቆት ይባላል። ቦሰና ግን ቂሙንና ጸሎቱን አስታርቃ ያዘቻቸው። ጠዋት የቤተ ክርስቲያኑን ደጅ ስማ ትመጣለች። ረፋድ ላይ ጓዳ ገብታ ክኒኑን በሙቀጫ ትወቅጣለች። የሙቀጫውን ድምፅ ጎረቤት ቢሰማም በርበሬ ነው ከማለት በቀር ምን ይላል?

ቀይ ወጥ ሠራችለት። ቅመሙን አበዛችው፤ ምሬቱን እንዲውጠው።

ቀትር ላይ አስናቀው ሱቁን ገርበብ አድርጎ ለምሳ ገባ። ቆረሰ። ጎረሰ። ማኘኩን ለአፍታ አቆመና ቀና ብሎ አያት... ከዚያ ዋጠው።

"እጅሽ ይባረክ፣ እትዬ።"

"አሜን" አለች ቦሰና።

ብዙ ሳይቆይ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጨው ሲመዝን ሚዛኑ አልረጋለት አለ። ጥጋቡ የሚባል አንድ ቀልደኛ ኩሊ ነበር፤ የጨው ጆንያ እያወረደ፣ "ጋሼ አስናቀው፣ ዛሬ የሚወዛወዘው ሚዛኑ ነው ወይስ እርስዎ?" አለው። በረንዳው ሁሉ ሳቀ። አስናቀውም ሳቀ። "አንተ ጆንያውን አውርድ፤ እኔ ራሴን አወርዳለሁ" አለው።

ቦሰና ከመጋዘኑ ሆና ሰማች። እሷም ፈገግ አለች፤ ከእህቷ ቀብር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ከዚያ አፉ ደረቀ። ውሃ ጠየቀ።

አቤት፣ ያን ውሃ ስትሰጠው የተሰማት ነገር! ጣሳውን ጢም አድርጋ ሞላችለት። ጨለጠው። ደግሞ ጠየቀ። ደግማ ሞላች። ሲውጥ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል እያየች፣ ቀስ በቀስ ነው የምትሄደው አለች በልቧ።

የመጀመሪያው እንግዳ ነገር የመጣው በዚያ ሰሞን ነው።

አስናቀው ጎርሶ፣ "እትዬ፣ ጨው ረስተሻል" አላት።

አልረሳችም። ቀመሰችው። ወጡ ጨው የለውም።

ተነስታ ከጆንያ ዘግና ጨመረችበት። አማሰለችው። ቀመሰችው።

የለውም።

እፍኝ ሙሉ ጨመረች። በበርበሬው ላይ ነጭ ሆኖ ሲሟሟ በዓይኗ አየችው። ቀመሰችው...

ውሃ ነው።

ቆይቶ ደንበኞች ማጉረምረም ጀመሩ። ከሶማሌ ተራ በኩል የምትመጣ አንዲት ምግብ ቤት ያላት ሴት የገዛችውን መልሳ አምጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ጥጋቡ አንዷን ፍንካች አንስቶ ላሰና፣ ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ቢሉት እንቢ ብሏል፣ ድንጋይ ሸጡላት ብሎ አሾፈ። አስናቀው ግን አልሳቀም። ፍንካቿን ከእጁ ተቀብሎ አፉ ውስጥ ከተታት። ለረጅም ጊዜ መጠመጣት።

"ልክ ነው" አለ ቀስ ብሎ። "ተመጧል።"

ከመጋዘኑ መደርደሪያ ላይ አሞሌ ጨው ተደርድሯል፤ ለከብት የሚገዙት ገጠሬዎች አሉ። ቦሰና አቧራውን ልትጠርግ አንዱን አሞሌ ብታነሳው ቀሎባታል። ገለበጠችው። መሃሉ ተጎድጉዷል፤ ለስልሷል። ላም የላሰችው አሞሌ እንዲያ ነው የሚሆነው።

ግን ጉድጓዱ ጠባብ ነው። የላም ምላስ አይደለም።

አውራ ጣቷን ከተተችበት...

እርጥብ ነው። ሞቅ ይላል።

ቀትር ነበር። ውጭ መርካቶ ይጮሃል፤ ከምን አለሽ ተራ በኩል የቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ መዶሻ ይሰማል። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ከጆንያዎቹ ጀርባ ሌላ ድምፅ ሰማች። ሰው ትንፋሽ ሳይወስድ ውሃ ሲጨልጥ ጉሮሮው የሚያሰማው ድምፅ።

ጉልክ... ጉልክ... ጉልክ...

"ማነው?"

ድምፁ ቆመ።

"ሠርኬ?"

ወደ ጆንያዎቹ አንድ እርምጃ ጠጋች።

"አንቺ ነሽ?"

"...ጨው።"

ሹክሹክታ ናት። ደረቅ። ግን ያሳደገቻትን ልጅ ድምፅ ማን ይስታል?

ሌላ ሰው ቢሆን በሩን ሰብሮ ይሮጥ ነበር። ቦሰና ግን ጆንያው ላይ ተቀመጠችና በደስታ ተንሰቀሰቀች። መጣችልኝ፤ አየችኝ፤ እያገዘችኝ ነው አለች በልቧ።

"ደምሽን እየመለስኩልሽ ነው" አለቻት፣ አፏን ወደ ጆንያዎቹ አስጠግታ። "ትንሽ ነው የቀረው።"



በማግስቱ ሁለት ክኒን ትወቅጥ የነበረችው አራት ወቀጠች።

ከፊት ለፊታቸው ሰሌን የምትሸጥ ዘኪያ የምትባል የወሎ ሴት አለች፤ የመጣችው ከቀብሩ በኋላ ስለሆነ ሠርኬን አታውቃትም። ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ስትቀልድ ፊቷ አይፈታም። አርብ ቀን ባሏ ለጁምዓ ሲሄድ ሰሌኗን አጣጥፋ ወደ ቦሰና መጣች። ቦሰና ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር።

"ቦሴ፣ እንግዳ መጥቶባችኋል እንዴ?"

"የምን እንግዳ?"

"ቀትር ቀትር ጨዉ ላይ የምትቀመጠዋ ናታ፤ በሱቁ በር አሻግሬ አያታለሁ። ነጠላዋን ያዘቀዘቀችው።"

የቦሰና እጅ ምስሩ ላይ ቀረ።

"ሰላም ብላት ዞር አትልም" አለች ዘኪያ። "ቆንጆ ሴት ናት፣ ግን ትንሽ አበጥ ትላለች። ዘመድ ናት?"

"...ዘመድ ናት።"

"ታዲያ ምሳ አትሰጧትም? አስናቀው አጠገቧ ይበላል፤ ዞራም አታየው። የምታየው አንቺን ነው።"

"እኔን?"

"ስትወቅጪ፣ ወጥ ስታማስዪ፣ ውሃ ስትቀጂ። ዓይኗ ካንቺ አይነሳም። ወላሂ ቀናሁብሽ፤ እኔን ባሌ በሙሽርነቴ እንኳን እንዲያ አላየኝም።"

ዘኪያ ለራሷ ጨዋታ ፈገግ ብላ ሄደች።

ቦሰና እዚያው ቀረች። ፀሐዩ ትከሻዋን ያቃጥላታል፤ እሷን ግን በረዳት።

ገዳይሽ እሱ ነው... ታዲያ እኔን ለምን ታይኛለሽ?

ያንን ጥያቄ ገፋችው። ግን ከዚያ ወዲህ ጓዳ ስትገባ ጀርባዋን ለመጋዘኑ በር አትሰጥም።

አርባዋ ተቃረበ። ጠላው ተጠነሰሰ። አስናቀው ደግሞ ከቀን ቀን እየደከመ ሄደ። ፊቱ አበጠ። ቀትር በመጣ ቁጥር ውሃ፣ ውሃ ይላል፤ ቦሰናም ትቀዳለች።

ያን ቀን ግድግዳ ተደግፎ ገባ። ሱቅ ውስጥ አስመልሶታል። ጥጋቡን አባዬ ብሎ ጠርቶት ኩሊዎቹ ስቀው ነበር፤ ኋላ ግን ፊቱን ሲያዩት ዝም አሉ።

"ራሴን" አለ። "ራሴን፣ እትዬ..."

አልጋው ላይ አስቀመጠችው።  ዛሬ ነው አለች። እህቷም እንዲህ ነበር ያደረጋት፤ ራሷን፣ ከዚያ ማስመለስ፣ ከዚያ ስም መርሳት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው።

ጣሳውን ሞልታ አቀበለችው።

አስናቀው ተቀበለ። እጁ እየተንቀጠቀጠ ውሃው ልብሱ ላይ ተንጠባጠበ። አልጠጣም።

"አንድ ነገር ልንገርሽ። አፌ ሳይያዝ።"

"ጠጣና ትነግረኛለህ።"

"ያን ዕለት ሐኪሙ የሠርኬን ደም መርምሮት ነበር።"

ቦሰና ዓይኗን ከጣሳው ላይ አነሳች።

አስናቀው እያረፈ፣ ቃል እየጠፋበት ነገራት። ሐኪሙ ደሙን አስመርምሮ ሲመለስ ፊቱ ተለውጦ ነበር። ደሟ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ጨው ሳስቷል፣ ሊያልቅ ምንም አልቀረው አለ። ክኒኑን ብዙ ሰው ወስዶ ይድንበታል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ውሃውን ሰውነቱ ውስጥ ያስቀርበታል። በዚያ ላይ ውሃ በላይ በላዩ ከተጠጣ፣ ጨውም ካልተቀመሰ፣ ደም ይቀጥናል፣ አንጎል ያብጣል። ሰው በውሃ ይሰክርና ይወድቃል። ቀድማችሁ ብትነግሩኝ አተርፋት ነበር አለ ሐኪሙ።

"ከዚያ ተቆጣኝ" አለ አስናቀው። "ይህን ሁሉ ውሃ ያጠጣት ማነው አለኝ።"

ከምን አለሽ ተራ የሚመጣው የመዶሻ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

"...ምን አልከው?"

"እኔ ነኝ አልኩት።"

ቦሰና መቀመጫ ፈለገች። አላገኘችም።

"ገንቦሽን አይቼ ነበር፣ እትዬ። እርጥቡን። ጠበልን ተዪ ብዬ በምን አፌ ልናገር? እኔም ክኒኑን ደብቄሻለሁ። እኔ ካንቺ ደበቅኩ፣ አንቺ ከእኔ ደበቅሽ... እሷ ሆድ ውስጥ ተገናኘን።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ነግሬሽ ምን ልትሆኚ? ከሷ ሌላ ማን ነበረሽ?"

ቦሰና አፏ ተከፈተ። የዘጋችው ነገር ሁሉ በአንዴ ወጣ። ክኒኑን ወጥህ ውስጥ የምጨምረው እኔ ነኝ አለችው። ከፋሲካ ወዲህ። በቀል ነው። ገደልካት ብዬ ነው።

አስናቀው አልደነገጠም።

"አውቃለሁ" አለ። "ለሷ ስፈጭላት እቀምሰው ነበር። ምሬቱ በመጀመሪያው ጉርሻ ነው የታወቀኝ።"

"አውቀህ በላኸው?"

"ይገባኛል ብዬ... ብቻ ይሄ ጥም። ይሄ ጥም አይጣል ነው።"

ጣሳውን ወደ አፉ አነሳ።

ቦሰና በጥፊ መታችው፤ ጣሳውን። ግድግዳ ላይ ተጋጭቶ ተንከባለለ። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ።

የመዶሻው ድምፅ ቆመ።

የመዶሻው ብቻ አይደለም። የተሸካሚው፣ የአህያው፣ የለማኙ... ሁሉም። መርካቶ በቀትር ዝም አለች።

ከመጋዘኑ በኩል ጨው ሲረገጥ ተሰማ። ፍንካች ከባዶ እግር ሥር ሲደቅቅ።

ቅርጭም...

ቅርጭም...

አስናቀው በቦሰና ትከሻ ላይ አሻግሮ ተመለከተ። ፊቱ ላይ ፍርሃት የለም። ድካም ነው ያለው።

"መጣች" አለ በሹክሹክታ። "በየቀኑ ትመጣለች። እኔን አትነካኝም።"

ቦሰና መዞር አልቻለችም። ልታማትብ ፈለገች፤ እጇ አልነሳ አላት። የማኅፀን ያህል ሞቃት የሆነ፣ እርጥብ ትንፋሽ ከጆሮዋ ሥር አረፈ። የባሕር ሽታ አለው፤ ቦሰና በዕድሜዋ ባሕር አይታ አታውቅም።

"እትዬ..."

ልጅ ሳለች እንዲህ ነበር የምትጠራት።

"...ጠማሽ?"

የቦሰና ምላስ በአፏ ውስጥ ደረቀ። ዓይን ጨፍኖ እስኪከፍት ድረስ ምራቋ ሁሉ ጠፋ፤ አመድ የዋጠች መሰላት።

እንዴት እንደወጣች አታውቅም። ራሷን ያገኘችው ሱቁ በር ላይ ጥጋቡን ጨምድዳ ይዛ ነው። የምትለው ነገር ተቆራርጦ ነው የሚወጣው። ኩሊዎቹ ገብተው አስናቀውን አወጡት፤ ዓይኑ ተገልብጦ ሰውነቱ መንፈራገጥ ጀምሮ ነበር። ዘኪያ ሰሌን አነጠፈችለት። አንድ ሰይቼንቶ ታክሲ አስቆሙ፤ የአስናቀው እግር አልገባ ብሎ ጥጋቡ ጭኑ ላይ ታቅፎት ተቀመጠ።

ቦሰና የታክሲውን መስኮት ያዘች። ክብሯንም፣ ወህኒንም፣ ሰው ምን ይለኛልንም ያኔ ጣለች። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የተናገረችው።

"ለሐኪሙ ንገረው። የሠርኬን ክኒን እኔ አብልቼዋለሁ። ውሃም እኔ ነኝ ያጠጣሁት። ሳትደብቅ ንገረው፣ ጥጋቡ... በመንገድ ውሃ ቢለምንህ እንዳትሰጠው።"

ጥጋቡ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ጠፋው። ራሱን ነቀነቀ። ታክሲዋ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ቁልቁል ተፈተለከች።

ልባችሁ እንዲያርፍ ልንገራችሁ። ሐኪሙ የሆነውን ሁሉ አውቆ ነው ያከመውና አስናቀው ተረፈ። የሚስቱን አርባ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ አሰበ። ቦሰናንም አልከሰሳትም።

የቦሰና ነገር ግን...

ታክሲዋ ስትሄድ ድምፁ ሁሉ ተመለሰ። መዶሻው፣ አህያው፣ ጫጫታው። ቦሰና መንገዱ መሃል ብቻዋን ቀረች። ጥሙ ጉሮሮዋን እየቀደደው ነው። ዘኪያ ልትደግፋት መጣች። ጥቂት ሲቀራት ግን ተገታች።

መሬቱን ነው የምታየው።

ቦሰናም ጎንበስ ብላ አየች።

ፀሐይዋ ልክ አናት ላይ ናት። በዚያ ሰዓት የሰው ጥላ ከእግሩ ሥር ተኮማትሮ ይቀመጣል። የዘኪያ እንዲያ ነው። የኩሊዎቹም እንዲያ ነው።

የቦሰና ጥላ ግን ረዝሞ ተዘርግቷል፤ እንደ ማለዳ።

ቦሰና ቆማለች። ጥላዋ ተንበርክኳል። አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ፣ አፉ ወደ ሰማይ ተከፍቷል።

ከፊቱ ደግሞ ሌላ ጥላ ቆሟል፤ የያዘውን ጣሳ ወደ ተከፈተው አፍ አዘንብሏል። የሱን ባለቤት መንገዱ ላይ የሚያይ የለም።

ዘኪያ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወደ ኋላ አፈገፈገች። ጨው የጫኑ አህዮች ከላይ እየተነዱ መጡ። ነጂው ምንም አላየም፤ እያፏጨ ነው።

አህዮቹ ግን እዚያ ቦታ ላይ ሲደርሱ ማንም ሳይነካቸው ለሁለት ተከፈሉ። ጥላዎቹን በግራና በቀኝ ዞረው፣ አንዷም ሳትረግጣቸው፣ አለፉ።